«ዳታሺት ለኢንጂነር ነው» ማለት ይብቃን

«ቲቸር፣ ኤልሲዲው ተቃጥሏል።» ኤሌክትሮኒክስ በማስተምርበት ወርክሾፕ ይህን ሳልሰማ የምውልበት ሳምንት የለም። ተቀብዬ አየዋለሁ፤ አልተቃጠለም። ሁለት መስመር በ16 ፊደል የሚያሳየው ያ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ስክሪን፣ ፕላስና ማይነሱን ካላገላበጡበት በቀር እንዲህ በቀላሉ አይሞትም። ችግሩ ዳታሺቱን፣ ማለትም አምራቹ የዕቃውን አሠራር የዘረዘረበትን ሰነድ፣ የከፈተ ሰው አለመኖሩ ነው። ስለዚህ በየጊዜው የምመልሳቸውን እዚህ ልጻፋቸው።

«መብራቱ በርቷል፣ ጽሑፍ ግን የለም፤ ስለዚህ ሞቷል።» ሦስተኛውን ፒን እዩ። የኮንትራስት ፒን ነው። ባዶውን ከተዋችሁት ወይም 5 ቮልት ላይ ካሰራችሁት ጽሑፉ ቢኖርም አይታይም። ባለ 10 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር (ሲዞር ቮልቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ሬዚስተር) አስገቡና ቀስ እያላችሁ አዙሩ፤ ባለ 5 ቮልቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ፒኑ ከ1 ቮልት በታች ሲሆን ፊደሎቹ ብቅ ይላሉ።

«የላይኛው መስመር ጥቁር ሳጥን ብቻ ሆነ፤ ተበላሽቷል።» እንዲያውም ደህና ነው። ኃይል አግኝቷል፣ ኮንትራስቱም ደርሶታል፤ ያልደረሰው የእናንተ ትእዛዝ ነው። ስክሪኑን የሚመራው ቺፕ ሲነሳ ራሱን በአንድ መስመር ስለሚያዘጋጅ ነው የታችኛው መስመር ባዶ የሚሆነው።

«17ኛው ፊደል በራሱ ወደ ሁለተኛው መስመር ይወርዳል።» አይወርድም። ቺፑ 80 ባይት የጽሑፍ ማህደረ ትውስታ አለው፤ በሁለት መስመር ሲሠራ ለእያንዳንዱ 40 ይደርሰዋል። 17ኛው ፊደል ከመስታወቱ ውጭ ተቀምጧል፣ አልጠፋም። ሁለተኛው መስመር የሚጀምረው አድራሻ 64 ላይ ነው፤ አድራሻ ለማዘዝ 128 ይደመርበታልና 192 ላኩ፣ ትወርዳላችሁ።

«በ8 የዳታ ሽቦ ፈንታ በ4 ሽቦ ከላክን ይዘገያል።» ዓይናችሁ አይለየውም።

«ጀርባው ላይ አይቱሲ ሰሌዳ (ዳታ በሁለት ሽቦ ብቻ የሚቀበል) ያለው ሌላ ዓይነት ስክሪን ነው።» ያው ነው። ትንሿ ሰሌዳ ብዙውን ጊዜ ፒሲኤፍ8574 የተባለ ቺፕ ይዛ እነዚያኑ አራት የዳታ ሽቦዎች ትነዳለች።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ዳታሺት ለኢንጂነር ነው፤ ጀማሪ ላይብረሪ (ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጀውን ኮድ) ይጠቀም።» ይህን ተማሪ ሲለው እታገሳለሁ። አስተማሪ ሲለው ግን አልታገስም።

እነዚህ ስክሪኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሠሩት ሂታቺ ባወጣው ኤችዲ44780 ወይም እሱን በሚመስል ቺፕ ነው። ዳታሺቱ ወደ 60 ገጽ ነው፤ ሰው የሚፈራውም ቁጥሩን አይቶ ነው። ለመጀመር የምትፈልጉት ግን ከአራት ገጽ አይበልጥም። መጀመሪያ የፒኖቹን ሠንጠረዥ አንብቡ፦ አርኤስ የተባለው ፒን ቮልቱ ዝቅ ሲል የምትልኩት ትእዛዝ ነው፣ ከፍ ሲል ፊደል ነው፤ ቺፑ የላካችሁትን የሚቀበለው የኢ ፒን ከከፍታ ወደ ዝቅታ በሚወርድባት ቅጽበት ነው። ቀጥሎ ሠንጠረዥ 6፤ ትእዛዞቹ በሙሉ ከነሚፈጁት ጊዜ እዚያ አሉ። አብዛኞቹ 37 ማይክሮሰከንድ ይበቃቸዋል፤ ስክሪን ማጽዳት ግን ብዙ እጥፍ ይረዝማል። እሱን ልካችሁ ሳትጠብቁ ስለምትጽፉ ነው የመጀመሪያዎቹ ፊደላት የሚጠፉት። በመጨረሻ ሥዕል 24፤ በ4 ሽቦ የማስነሻው ቅደም ተከተል።

ሥዕል 24ን ያላነበበ ምን እንደሚደርስበት ልንገራችሁ። አንድ ተማሪዬ የውኃ ታንከር ከፍታ የሚያሳይ ፕሮጀክት ሠራ። ገመዱን ሲሰካ ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ሪሴት ሲጫን አንዳንዴ የማይነበብ ነገር ይሞላዋል። ስክሪኑን ሁለት ጊዜ በገንዘቡ ቀየረ። ከሰው የገለበጠው ኮድ የማስነሻውን ትእዛዝ አንዴ ብቻ ነበር የሚልከው።

ሪሴት እንደገና የሚያስነሳው ኮዳችሁን የሚያሠራውን ማይክሮኮንትሮለር ነው። ስክሪኑ ኃይሉ አልተቋረጠም፣ የነበረበትን ይቀጥላል። በ4 ሽቦ አንድ ፊደል በሁለት ግማሽ ነው የሚሄደው። የላቲኑ ኤ 0100 ከዚያም 0001 ነው። ሪሴቱ በሁለቱ መካከል ከተጫነ ቺፑ ሁለተኛውን ግማሽ እየጠበቀ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የአንዱን ፊደል ጭራ ከሚቀጥለው ራስ ጋር እየሰፋ ያነባል።

ሥዕሉ 0011ን ሦስት ጊዜ ላኩ የሚለው ለዚህ ነው። ቺፑ በ8 ቢት (በ8 ሽቦ) ላይ ከነበረ ሦስቱም «8 ቢት ሁን» ማለት ናቸው። በ4 ቢት ላይ ከነበረ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተጋጥመው ያንኑ ትእዛዝ ይሆናሉ። ግማሽ ላይ ቆሞ ከነበረ አንደኛው የቀረውን ይሞላል፣ ቀሪዎቹ ሁለቱ ተጋጥመው ያዙታል። ከየትም ቢነሳ አንድ ቦታ ይደርሳል። ከዚያ 0010 ልካችሁ ወደ 4 ቢት ታወርዱታላችሁ። በ5 ቮልት ሲሠራ ኃይል ከገባ በኋላ ከ15 ሚሊሰከንድ በላይ፣ ከአንደኛው በኋላ ከ4.1 ሚሊሰከንድ በላይ፣ ከሁለተኛው በኋላ ከ100 ማይክሮሰከንድ በላይ ጠብቁ። ልጁ ሁለት መስመር ኮድ ጨመረ፤ ከዚያ ወዲያ ስክሪን አልገዛም። የአርዱዪኖው ላይብረሪም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ተጠቀሙበት፣ አልከለክልም፤ ግን ሲበላሽ የት እንደምታዩ እወቁ።

አንድ ቀረኝ፦ «አማርኛ አይጽፍም።» ቺፑ ውስጥ ተቀርጸው የመጡት ፊደላት እንደ ዓይነቱ የጃፓን ወይም የአውሮፓ ናቸው፤ ግዕዝ የለበትም። ግን የራሳችሁን 8 ቅርጽ የምታስገቡበት 64 ባይት ቦታ አለው፤ እያንዳንዱ ፊደል 8 ረድፍ በ5 ነጥብ ነው። «ሰላም» ሦስት ቦታ ይበቃዋል፤ «አበበ» ሁለት። «ጨ»ን የመሰሉት 5 ነጥብ ላይ ይጨናነቃሉ፣ «በ» ግን ሲያምር! ወደ ቅርጽ ቦታው የሚወስደውን ትእዛዝ 64ን ላኩ፤ ከዚያ አርኤስን ከፍ አድርጋችሁ ስምንቱን ረድፎች፦ 14፣ ስድስት ጊዜ 17፣ በመጨረሻ 0። ቀጥሎ 128 ልካችሁ ወደ ስክሪኑ ተመለሱ፣ ከዚያ ፊደል ቁጥር 0ን ጻፉ። 128ን ከረሳችሁ የምትጽፉት ሁሉ እዚያው የቅርጽ ቦታ ውስጥ ይገባል፤ እናንተም «ተቃጥሏል» ብላችሁ ወደ እኔ ትመጣላችሁ።