ጋልቫኒክ ዝገት ምንድን ነው? አሮጌ የአልሙኒየም ጀልባ እየደፈኑት ለምን ያፈሳል?

ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ፣ ውሃው ዳር፣ የአንድ ጎረቤታችንን የዓሣ ጀልባ ገልብጠን ሆዱን አየነው። ሦስት ጊዜ ተደፍኗል። ማጣበቂያ በማጣበቂያ ላይ። አራተኛው ቀዳዳ ከድፍኑ አንድ ጣት ያህል ፈቀቅ ብሎ ወጥቷል፤ ዙሪያውን እንደ ፉርኖ ዱቄት የነጣ ነገር ይዞታል፣ በጥፍሬ ስጭረው ይረግፋል፣ ከሥሩ ላሜራው እንደ ተበላ ጥርስ ተቦርቡሯል። እዚያው ጎን የመቀመጫው ብሎን ቀይ ዝገት ለብሶ ቁጭ ብሏል።

«አልሙኒየም አይዝግም ብለውኝ እኮ ነው የገዛሁት» አሉ ጋሼ።

ልክ ናቸው፣ እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም። ግን ይበላል። የሚያስበላው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያ የብረት ብሎን ነው።

ነገሩ ጋልቫኒክ ዝገት ይባላል። ሁለት የተለያዩ የብረት ዓይነቶች ተነካክተው ውሃ ሲያገኛቸው ባትሪ ይሆናሉ። አንደኛው እየሟሟ ያልቃል፣ ሌላው ይተርፋል። ያለቀ የሬዲዮ ድንጋይ ቆርቆሮው ተበልቶ ሲያዥ አይተህ የለ? ያ ቆርቆሮ ዚንክ ነው፤ መብራት ሲሰጥህ የከረመው ራሱን እያስበላ ነው። ስሙ የመጣው ከጣሊያናዊው ሐኪም ሉዊጂ ጋልቫኒ ነው። በሁለት ዓይነት ብረት የተነካ የሞተ እንቁራሪት እግር ሲንፈራገጥ አይቶ በ1791 እ.ኤ.አ. ጻፈው።

ማን ማንን ያስበላል? ማግኒዚየም ቀድሞ ይበላል፣ ቀጥሎ ዚንክ፣ ከዚያ አልሙኒየም። ብረት፣ ናስና መዳብ ከአልሙኒየም ይበረታሉ። ስለዚህ ጀልባህ ወለል ላይ የወደቀ የመዳብ ሽቦ ቁራጭ እንኳ፣ እርጥበት ካለ፣ ሥራውን ይሠራል። ሽቦ ወድቆ ካየህ አንሳው፣ በሞቴ!

የአልሙኒየም መከላከያው በዓይን የማይታይ ስስ የኦክሳይድ ቆዳ ነው። ቢጫርም ወዲያው ይሸፍናል። ይህ ቆዳ የሚመቸው ፒኤች (የውሃ አሲድነት መለኪያ፤ 7 መሀል ነው) ከ4 እስከ 8.5 ገደማ ያለ ውሃ ነው። የኛ ሐይቅ ግን መውጫ የለውም፤ ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በአንከርካ ወንዝ የሚገባው ውሃ በትነት ይሄዳል፣ ጨው ጨዉ ይቀራል፤ ፒኤቹም ወደ 9 ይጠጋል። ለባትሪውም የሚመች፣ ለቆዳውም የማይመች ውሃ ነው።

እንግዲህ ጥገናው። መጀመሪያ በሽታውን ንቀል፣ ከዚያ ነው ድፈና። የብረቱን ብሎን አውጥተህ በማይዝግ ብረት ቀይር። እሱም ቢሆን ከአልሙኒየም ስለሚበረታ፣ ሁለቱ እንዳይነካኩ የፕላስቲክ ወይም የጎማ ሮንዴላ አግባበት። ከወለሉ ሥር እርጥብ ጣውላና ጭቃ ካለ አውጣ፤ እዚያ ውስጥ የታቆረ እርጥበት ለብቻው ላሜራ ይበሳል።

ቀዳዳውን ለማግኘት ጀልባውን የብስ ላይ፣ በደንብ በተደገፈ እንጨት ላይ አስቀምጠህ እስከ ቁርጭምጭሚት ውሃ ሙላው። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነውና እስከ አፉ አትሙላ፣ ይጣመማል። ከዚያ ከሥር ገብተህ የሚንጠባጠበውን በጠመኔ ክበብ። የጋሼ ጀልባ ላይ 7 ቦታ ከበብን። አምስቱ ቀዳዳ ሳይሆኑ የላሉ ሪቬቶች ነበሩ፤ ሪቬት ላሜራን ከላሜራ የሚያያይዝ ጫፉ የተቀጠቀጠ ሚስማር ነው። የላላ ሪቬት ሁለት ሰው ይፈልጋል፦ አንዱ ከውስጥ ከባድ ብረት ይደግፋል፣ ሌላው ከውጭ በመዶሻ ይመታል። የማይጠብቅ ከሆነ አፉ የተዘጋ የአልሙኒየም ሪቬት ቀይርበት፤ ተራው መሀሉ ክፍት ስለሆነ በራሱ ያፈሳል።

ለተበላው ቦታ ነጩን ዱቄት ጠርገህ እስከሚያብረቀርቅ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈትግ። ብረት የተፋቀበትን የሽቦ ብሩሽ አታስነካው፣ የብረት ብናኝ ይተውልሃል፣ ያ ሌላ ትንሽ ባትሪ ነው። በአሴቶን ጥረግና ኢፖክሲውን (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚደርቀውን ማጣበቂያ) ሳትዘገይ ቀባ፤ ቆዳው እየተመለሰ ስለሆነ ኢፖክሲው እርጥብ ሳለ በላዩ ድጋሚ ፈትገው። ሰፊ ቀዳዳ ከሆነ ጥጉ የተሞረደ የአልሙኒየም ላሜራ ለጥፍበት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን ግን ይቅር፣ አሲዱ አልሙኒየሙን ያጠቃዋል። የፖሊዩሪታን ማሸጊያ ይሻላል።

ብየዳስ? ደሴም ኮምቦልቻም ብትሄድ በአርጎን ጋዝ የሚበይድ ሰው ጠይቅ። አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ የላዩ ቆዳ ግን ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ ሲግል ደግሞ እንደ ብረት አይቀላም፣ ድንገት ነው የሚፈስ። የብረት በር የሚበይድ እጅ ላሜራህን ወንፊት ያደርገዋል።

በመጨረሻ በጋሼ ጀልባ ሆድ ላይ አንዲት የማግኒዚየም ቁራጭ አሰርን። ሃሳቡ የቆየ ነው፤ እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ በ1824 እ.ኤ.አ. የመርከቦችን የመዳብ ልብስ ለማዳን ብረትና ዚንክ አስሮ ሞክሮታል። እሷ ትበላለች፣ ጀልባው ይተርፋል። ለባሕር ዚንክ ይሆናል፣ ጨዉ ከባሕር እጅግ ላነሰ ለእንዲህ ያለ ሐይቅ ግን ማግኒዚየም ይሻላል። ላሜራውን በባዶው መንካት አለባት፣ ቀለምም አይቀባባትም። ጋሼ ማሳመር ብለው ሰማያዊ ቀለም ይዘው ሲመጡ ብሩሹን ከእጃቸው ተቀበልኳቸው። ግማሿ ሲያልቅ ትቀየራለች።