«ጨጓራ አለብኝ»፦ ስለ ጨጓራ ባክቴሪያ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ጨጓራ አለብኝ» የማይል ሰው ብርቅ ነው። ጨጓራ የሌለው ማን አለና! ብቻ እንግባባለን፤ ያቃጥለኛል፣ ይነፋኛል፣ ቃር አላስተኛ አለኝ ለማለት ነው። ጣጣው ለዚህ ሁሉ አንድ ስም እንደሰጠነው አንድ መድኃኒት ልንሰጠው ስንሞክር ነው።

«በርበሬና ቡና ናቸው ያመጡብኝ»

የታመመ ጨጓራን ሊያቃጥሉት ይችላሉ። አብዛኛውን የጨጓራ ቁስለት የሚያመጡት ግን ሌሎች ሁለት ናቸው፦ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ፣ እንዲሁም እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች። ለወገቡ በየቀኑ ዲክሎፌናክ እየዋጠ፣ ለጨጓራው ብሎ ሽሮውን አልጫ የሚያሠራ ሰው አውቃለሁ። በርበሬው ያለ ጥፋቱ ታሰረ።

«አሲድ ውስጥ ምን ባክቴሪያ ይኖራል?»

በዚህ እንኳ ሐኪሞቹም ተሳስተው ነበር። ቁስለት ከጭንቀትና ከአሲድ ብዛት ነው ይባል ነበር። አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከተማ ውስጥ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች ባክቴሪያውን ከበሽተኞች ጨጓራ ወስደው ሊያራቡት ቢሞክሩ እምቢ አላቸው። ለካ ላብራቶሪው ባክቴሪያው የሚራባባቸውን ሳህኖች በሁለት ቀን ይጥላቸው ኖሯል። በ1982 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የፋሲካ በዓል መጣና ሳህኖቹ ሳይነኩ ሰነበቱ። ሰው ሲመለስ ባክቴሪያው ተራብቶ ተገኘ። እንዲያም ሆኖ ብዙዎች አላመኑም። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን በጥብጦ ጠጣው! በቀናት ውስጥ ያስመልሰው ጀመር፤ ሲታይ ጨጓራው ተቆጥቷል። በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። ባክቴሪያው የሚተርፈው ዩሪያን ወደ አሞኒያ እየለወጠ፣ በዙሪያው ያለውን አሲድ እያበረደ ነው።

«ባለፈው ሳምንት የበላሁት ክትፎ ነው»

ብዙውን ጊዜ የሚይዘን በልጅነት፣ ከቤት ሰው ነው። ክትፎውን አትውቀሱት።

«ለባክቴሪያው ተመርምሬ ፖዘቲቭ ነኝ፤ ሕመሜ እሱ ነው»

ላይሆን ይችላል። ባክቴሪያው ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም። የደም ምርመራ ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። መዳንን ለማረጋገጥ የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ይሻላል፤ እሱም ፀረ ባክቴሪያው መድኃኒት ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ኦሜፕራዞል (አሲድ የሚቀንሰው ክኒን) ከቆመ ቢያንስ 2 ሳምንት ሲሆነው።

«ተሽሎኛል፣ ይበቃኛል»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሕክምናው አንድ ክኒን አይደለም። ኦሜፕራዞል አሲዱን ይቀንሳል፤ ባክቴሪያውን የሚገድሉት አብረውት የሚታዘዙት፣ ለምሳሌ አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን ናቸው። ብዙ ጊዜ ለ14 ቀን ይወሰዳሉ። በአራተኛው ቀን ማቃጠሉ ጋብ ይላል፣ አፍ ብረት ብረት ይላል፣ ወይም ጾም ይገባል። የቀረው ክኒን መሳቢያ ውስጥ ይገባና አንድ ቀን «ያንቺም እንደኔው ነው» ተብሎ ለእህት ይሰጣል። ሳይሞት የቀረው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይለምዳል። እህትየውም ባልታወቀ በሽታ ግማሽ መድኃኒት ወሰደች።

«ተልባና እርጎ ይገድሉታል»

ተልባ ያለሰልሳል፣ አይገድልም። እርጎ ግን ሌላ ጥቅም አለው። ፀረ ባክቴሪያው አንጀት ውስጥ ያሉትን ደጋግ ባክቴሪያዎችም ስለሚጨርስ ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል፤ እርጎ ያኔ ትንሽ ሊያግዝ ይችላል። (እንጀራስ ለሚለኝ፦ የእርሾው ባክቴሪያ ምጣዱ ላይ ያልቃል።)

«ሰገራዬ ጠቆረ፤ መድኃኒቱ ነው»

ቢስሙት (ለጨጓራ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው) ወይም የአይረን ክኒን እየወሰዱ ከሆነ ሊሆን ይችላል። ካልሆነ ግን እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ሰገራ፣ ወይም ደም የቀላቀለ ትውከት፣ ጨጓራ እየደማ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። ነገ አይባልም፤ በሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ነው።