ዱዋል ቻነል ምንድን ነው?

ራም ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ ነው። ባለ 8 ጊጋ አንድ ራምና ባለ 4 ጊጋ ሁለት ራም ድምራቸው እኩል ነው፤ ፍጥነታቸው ግን አይደለም። ፕሮሰሰሩ ከራም ጋር የሚገናኝበት መስመር ቻነል ይባላል። አብዛኛው የቤት ዴስክቶፕ ሁለት ቻነል ስላለው፣ አንድ ራም ብቻ ከተሰካ አንደኛው መስመር ሥራ ፈት ይቀመጣል። ሁለቱም ሲሠሩ ነው ዱዋል ቻነል የሚባለው። ለምሳሌ ዲዲአር3 1600 የተባለው የራም ዓይነት በአንድ ቻነል በሰከንድ እስከ 12.8 ጊጋባይት፣ በሁለት እስከ 25.6 ያሳልፋል። ቁጥሩ ጣሪያው ነው፤ ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። ጎልቶ የሚታየው ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የሌለው ማሽን ጌም ሲከፈትበት ነው፤ ግራፊክሱም የሚጠቀመው ይህንኑ ራም ነውና።

ስለዚህ አዳማ ላይ ያገለገለ ዴስክቶፕ የገዛ ሰው ራም ለመጨመር ከመሮጡ በፊት ካቨሩን ከፍቶ አሰካኩን ይይ። አራት ስሎት (የራም መሰኪያ) ባለው ማዘርቦርድ ሁለቱን ራም ጎን ለጎን መደርደር የተለመደ ስህተት ነው፤ በብዙ ቦርዶች ጎረቤታሞቹ ስሎቶች የአንድ ቻነል ናቸው። ብዙውን ጊዜ ትክክለኛው ቦታ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ነው። የቢሮ ማሽኖች ግን የራሳቸው አቆጣጠር ስላላቸው በስሎቱ ቀለምና ቦርዱ ላይ በታተመው ቁጥር ይመሩ።

የሚጨመረው ራም ዓይነቱ ከነባሩ ጋር አንድ መሆን አለበት። ዲዲአር3 240 ፒን (ጠርዙ ላይ ያለው የብረት መገናኛ)፣ ዲዲአር4 288 ፒን ነው፤ በጉልበት ሲገፋ የሚሰበረው ስሎቱ ነው። በርካሽ የሚቀርብ የሰርቨር ራም ደግሞ ስሎቱ ውስጥ ልክ ይገባል፣ ግን የተለመደ የቤት ማሽን አይነሳበትም። ፍጥነታቸው ከተለያየ ሁለቱም በቀርፋፋው ይሠራሉ። 4 እና 8 ጊጋ ሲደባለቁም ብዙ ማሽኖች ከየራሙ 4 ጊጋ፣ በድምሩ 8 ጊጋ በዱዋል፣ የቀረውን 4 በአንድ ቻነል ያስኬዳሉ፤ መጥፎ አይደለም።

ሲሰኩ የመብራት ገመዱን ይንቀሉ፣ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፣ የካቨሩን ብረት ይንኩ። ራሙን በሁለቱም ጫፍ መቆለፊያው ቀጭ እስኪል ይጫኑት፤ ከሚገምቱት በላይ ኃይል ይፈልጋል። ማሽኑ ጮኾ ስክሪኑ ከጨለመ ብዙውን ጊዜ ራሙ በደንብ አልገባም፣ ወይም ፒኑ ቆሽሿል። ተርባይን የሚያዞረው የአዳማ ንፋስ አቧራውን ካቨር ውስጥም ያስገባል። ወርቃማውን ጠርዝ በነጭ ላጲስ ቀስ ብለው ይሹና ብናኙን አራግፈው፣ ራሞቹን አንድ በአንድ ይሞክሩ።

ከተነሳ በኋላ ሲፒዩ-ዚ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የሜሞሪ ገጹ ላይ ቻነሉን ያሳያል። አንድ ቻነል ብቻ («ሲንግል» ወይም «1 x 64-bit») ካሳየ ማሽኑን አጥፍተው፣ ገመዱን ነቅለው አንዱን ራም ወደ ሌላኛው ቻነል ስሎት ያዛውሩት።