ስለ ዝቅተኛ ግብርና ስለ ትንሽ መንግሥት፦ አዳማ ላይ የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐምሌ ሲገባ ስልኬ አያርፍም። አዳማ ውስጥ የትንንሽ ሱቆችን፣ የጋራዦችንና የምግብ ቤቶችን ሂሳብ እሠራለሁ። ደንበኞቼ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ዘንድሮ ስንት ይመጣብኝ ይሆን?» እኔ ደግሞ ግብር ዝቅ ቢል፣ መንግሥትም ከንግዱ ወጥቶ ዋና ሥራው ላይ ቢበረታ ለሁላችንም ይሻላል ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ይህን ቡና ላይ ባነሳሁ ቁጥር ተመሳሳይ መልሶች ይመጡብኛል። አንዳንዶቹ ሐሳቡን ካለማወቅ የመጡ ናቸው። አንዳንዱን ግን እንደኔ የሚያስቡ ሰዎች ራሳቸው አጋነው ያወሩት ነው። እሱንም አብሬ ማረም አለብኝ።

«ታዲያ መንገዱን ማን ይሥራው? መንግሥት አይኑር ነው የምትለው?»

አይደለም። የነፃ ገበያ አባት የሚባለው አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ለመንግሥት ሦስት ሥራ ሰጥቶታል። አገር መጠበቅ፣ ፍትሕ መስጠት፣ ለግለሰብ ነጋዴ የማያዋጡ የሕዝብ ሥራዎችን መሥራት። መንገድና ድልድይ ሦስተኛው ውስጥ ይገባሉ። የድሃ ልጅ እንዲማር መንግሥት ይርዳ ያለውም እሱ ነው። በተቻለ መጠን ግን መንገዱን የሚጠቀምበት ሰው ይክፈልበት ይላል።

እኛ ይህን በዓይናችን እናየዋለን። የአዲስ አበባ አዳማን ፈጣን መንገድ ያስገነባው መንግሥት ነው። የሚሄድበት ሰው ግን በሩ ላይ ከፍሎ ያልፋል። መክፈል ያልፈለገ በሞጆና በቢሾፍቱ በኩል በድሮው መንገድ ይሄዳል። እኔ በዚህ ቅር ብሎኝ አያውቅም። ጥያቄው መንገድ ይሠራ አይሠራ ሳይሆን ማን ይክፈል፣ ስንት ይክፈል የሚለው ነው። ትንሽ መንግሥት ማለት ደካማ መንግሥት ማለትም አይደለም። ስኳር ማምረቱንም፣ መነገዱንም፣ መዳኘቱንም እኩል ልሥራ የሚል መንግሥት አንዱንም በቅጡ ሳይሠራ ይቀራል። አንድ የውል ክርክር ፍርድ ቤት ገብቶ ዓመት ሲቆይ ለነጋዴ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

«እኛ አገር እኮ ግብር ትንሽ ነው፤ እንዲያውም መጨመር አለበት»

ይህ ግማሹ እውነት ስለሆነ ለማረም ይከብዳል። መንግሥት በግብር የሚሰበስበው ገንዘብ ከአገር ውስጥ ምርታችን ጋር ሲነፃፀር ባለፉት ዓመታት ከ10 በመቶ በታች ወርዶ ቆይቷል። የዴንማርክ ከ40 በመቶ በላይ ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «ኢትዮጵያዊ ግብር አይከፍልም» ቢል አይፈረድበትም።

ሸክሙ ማን ላይ እንዳለ ግን ቁጥሩ አይናገርም። ከኢኮኖሚው ትልቁ ክፍል የግብር መረቡ ውስጥ የለም። መረቡ ውስጥ ያለው ጥቂቱ ነው። አንዱ ደመወዝተኛው ነው። የእሱ ገንዘብ እጁ ሳይገባ ይቆረጣል። ሌላው የተመዘገበውና ደረሰኝ የሚቆርጠው ነጋዴ ነው። አንድ ዕቃ 1,000 ብር ቢሆን እሱ 15 በመቶ ቫት ጨምሮ 1,150 ይሸጣል። ከጎኑ ያለው ያለ ደረሰኝ በ1,000 ይሸጣል። ደንበኛው ገና ከበር «ያለ ደረሰኝስ ስንት ነው?» ይላል። ሕግ ያከበረው ሰው በገበያው ተሸነፈ ማለት ነው። እዚህ ላይ ግብሩን ብትጨምሩበት የሚጎዳው ማን ነው? ያው ደረሰኝ የቆረጠው ነው። የተደበቀው ሰውዬ ደግሞ ለመደበቅ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ያገኛል። ስለዚህ እኔ የምለው የሚከፍለው ሰው ይብዛ፣ በእያንዳንዱ ላይ የሚጣለው ይቀንስ ነው።

ስለ ደመወዝተኛው ትንሽ ልጨምር፤ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ጉዳይ አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ሕግ ከግብር ነፃ ያደረገው በወር እስከ 600 ብር ነበር። ከ10,900 ብር በላይ ላለው 35 በመቶ ይቆረጥ ነበር። ይህ ሰንጠረዥ እስከ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ሳይነካ ቆየ። በመሃል የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ የሆነበት ጊዜ ነበር። ደመወዝ የተጨመረለት ሰው የጤፉን ዋጋ እንኳ ሳይደርስበት ወደ ላይኛው እርከን ተገፋ። ማንም በምክር ቤት እጁን አውጥቶ «ግብር ጨምረናል» አላለም። ግብሩ ግን ጨመረ። በ2017ቱ ማሻሻያ ነፃ የሚሆነው ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል፣ 12,000 ብር ደመወዝ ያለው ሰው የሚቆረጥበት ከ2,700 ወደ 2,250 ወረደ። በወር 450 ብር። ጥሩ እርምጃ ነው፤ ግን 9 ዓመት ባልጠበቅን ነበር። እርከኑ ከዋጋ ንረቱ ጋር በየዓመቱ አብሮ እንዲነሳ ሕጉ ቢያስገድድ እመኛለሁ።

«ግብር ከተቀነሰ መንግሥት ይራቆታል»

እና ተቃራኒው፤ «ግብር በተቀነሰ ቁጥር ገቢ ይጨምራል»። ሁለቱም ስህተት ናቸው። ሁለተኛውን በብዛት የሚሉት የኔ ሐሳብ ደጋፊዎች ስለሆኑ ከሱ ልጀምር።

አሜሪካ በሬጋን ዘመን ከፍተኛውን የገቢ ግብር ከ70 ወደ 28 በመቶ አወረደች። ኢኮኖሚው አደገ። ወጪው ግን አብሮ ስላልተቀነሰ የአገሪቱ ዕዳ በ8 ዓመት ሦስት እጥፍ ገደማ ሆነ። ካንሳስ የሚባለው ግዛት እ.ኤ.አ. በ2012 ግብር በብዛት ቀንሶ ነበር። ገቢው ጎደለና በ2017 የግዛቱ ምክር ቤት ራሱ መልሶ ሻረው። ወጪ ሳይነካ ግብር መቀነስ ዱቤ መውሰድ ነው። ዱቤው ደግሞ በኋላ በግብር ወይም በዋጋ ንረት ይመለሳል። ይህን የሚደብቅ ሰው ለሐሳቡም አይጠቅምም።

አሁን ወደ ፊተኛው። ቱኒዝ የተወለደው ኢብን ኸልዱን በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ ነገር አስተውሎ ጽፏል። መንግሥታት ሲጀምሩ ቀላል ግብር ጥለው ብዙ ይሰበስባሉ፤ ሊወድቁ ሲሉ ከባድ ግብር ጥለው ጥቂት ይሰበስባሉ። ግብሩ ሲከብድ ሰው መሥራት ይተዋል ወይም ይሸሻል።

በቅርብ ዘመን ለኛ የምትቀርበው ምሳሌ ጆርጂያ ናት፤ የአሜሪካዋ ግዛት ሳትሆን ከሶቪየት ኅብረት የወጣችው አገር። ድሃ ነበረች፣ ሙስና የነገሠባት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2005 አዲስ የግብር ሕግ አወጣች። ከ20 በላይ የነበሩትን የግብር ዓይነቶች ወደ 7 አወረደች። የገቢ ግብሩን ለሁሉም አንድ፣ 12 በመቶ አደረገችው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የግብር ገቢዋ ከምርቷ ያለው ድርሻ በእጥፍ ገደማ አደገ። ምጣኔው ስለወረደ ብቻ አይደለም። ጉቦ የሚበላው ሠራተኛ ተነሣ፤ የትራፊክ ፖሊሱን በሙሉ አሰናብተው እንደ አዲስ ነው የቀጠሩት። ሕጉ ደግሞ ተራ ሰው አንብቦ የሚረዳው ሆነ። የትም ቦታ ቢሆን ምጣኔ፣ ቀላልነትና ታማኝ ሰብሳቢ አብረው ሲመጡ ነው የሚሠራው።

«ይህ የሀብታም ሐሳብ ነው»

ይህኛው ያመኛል፤ ምክንያቱም ቢሮዬ የሚመጡት ሀብታሞች አይደሉም። ኢንዱስትሪ ፓርክ የገባ ትልቅ ባለሀብት ለዓመታት ከትርፍ ግብር ነፃ ይሆናል። ዕቃውን ያለ ቀረጥ ያስገባል። ባለ ኪዮስኩ ግን ከመጀመሪያው ዓመት ይከፍላል። የነፃ ገበያ ሐሳብ ይህን ልዩነት ይቃወማል። ለተመረጡት ዜሮ፣ ለቀረው ከባድ ከሚሆን ለሁሉም አንድ ዓይነት ዝቅተኛ ምጣኔ ይሁን ይላል። ግብር ውስብስብ ሲሆንም የሚያመልጠው ጥሩ ጠበቃና ጥሩ የሂሳብ ሰው መቅጠር የሚችለው ነው። እኔ የምተዳደረው በዚሁ ውስብስብነት ነው። ቢቀልል ግን ደስ ይለኛል።

«መንግሥት ድርጅቶቹን ከለቀቀ የሕዝብ ገቢ ይጠፋል»

ቴሌ ጥገት ላም ነው፣ አይነካ ይባል ነበር። በ2013 ዓ.ም. መንግሥት ለሳፋሪኮም ፈቃድ ሲሰጥ ለፈቃዱ ብቻ 850 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። ተወዳዳሪው ሥራ ከጀመረ በኋላም ኢትዮ ቴሌኮም አልወደቀም። በ2014 በጀት ዓመት 61.3 ቢሊዮን ብር የነበረው ገቢው በ2016 ወደ 93.7 ቢሊዮን ደረሰ፤ የዋጋ ንረቱ እንዳለ ሆኖ። ላሟ አልነጠፈችም።

«ዴንማርክስ?»

ዴንማርክ ሀብታም ናት፣ ግብሯም ከፍተኛ ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ1965 ግብሩ ከምርቷ ያለው ድርሻ 30 በመቶ ገደማ ነበር፤ በዚያን ጊዜም ሀብታም ነበረች። ዛሬም ንግዷ ክፍት ነው፤ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚደነግግ ሕግ እንኳ የላትም።

«ግብር ይቀነስ የሚል ሰው መክፈል የማይፈልግ ሰው ነው»

በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ የሆነውን ብዙዎቻችን አንረሳም። ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500,000 ብር በታች የነበሩት፣ ያኔ ደረጃ ሐ የምንላቸው፣ መዝገብ ስለማይዙ በግምት ነበር የሚከፍሉት። ግምቱ ሲነገር በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ቅሬታው በረታ፤ በአንዳንዶቹም ሱቆች ተዘጉ።

ያኔ አንዲት ደንበኛዬ ትንሽ ሱቅ ነበራት። ገማቾቹ የመጡት በፋሲካ ሰሞን ነው። ዘይቱም ዱቄቱም ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ቀን የሚሸጥ መስሏቸው ጻፉ። «ወንድሜ፣ አልከፍልም አላልኩም» አለችኝ። «የሸጥኩትን ይጠይቁኝና ልክፈል።» ስሚዝ የጥሩ ግብር ምልክቶች ካላቸው አራቱ አንዱ ይኸው ነው። ከፋዩ ስንት፣ መቼ፣ እንዴት እንደሚከፍል አስቀድሞ በግልጽ ይወቅ፤ በሰብሳቢው ፈቃድ ላይ አይንጠልጠል። ቅሬታ አስገባች፣ ጥቂት ተቀነሰላት፣ ተበድራ ከፈለች። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ማንም ሳያስገድዳት ሽያጯን በየቀኑ በደብተር ትጽፋለች። ሐምሌ 1 ቀን ጠዋት ቢሮዬን ስከፍት በር ላይ የማገኛት እሷን ነው፤ ደብተሩ በፌስታል ተጠቅልሎ በእጇ ነው።