«ትራፊክ ይዞኝ ነው» እና ሌሎች ስለ ሰው የምናምናቸው ነገሮች

ባለፈው ቅዳሜ ከአንድ የቆየ ጓደኛዬ ጋር ሜክሲኮ አካባቢ ቡና ልንጠጣ በ10 ሰዓት ተቀጣጠርን። እኔ የደረስኩት ለ11 ሰዓት 10 ጉዳይ ላይ ነው። ገና ሳልቀመጥ «ይቅርታ፣ ትራፊኩ አይጣል ነው!» አልኩት። «ኧረ ምንም አይደል» አለኝ። አዘዝን፣ ተጫወትን፣ ተለያየን።

ነገሩ የከነከነኝ ማታ ስተኛ ነው። ትራፊክ ነበረ እንዴ? ትንሽ ነበረ። ግን 10 ሰዓት ላይ እኔ ቤቴ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ኳስ እያየሁ ነበር። ደውሎ «የት ደረስክ?» ሲለኝ «መንገድ ላይ ነኝ» ያልኩትም እዚያው ሶፋ ላይ ሆኜ ነው። እሱስ የተለመደ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «መንገድ ላይ ነኝ» ማለት «ጫማዬን እየፈለግኩ ነው» ማለት መሆኑን የማያውቅ የለም። የገረመኝ ሌላው ነው። «ትራፊኩ አይጣል ነው» ስል እየዋሸሁ አልነበረም። በዚያች ሰዓት ከልቤ አምኜዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሰው ባህሪ እርግጠኛ ሆነን የምንናገራቸውን ነገሮች ልብ ማለት ጀመርኩ። ብዙዎቹ ሲፈተሹ ውሃ አያነሱም።

«ለምን እንዳደረግኩት እኔ ካላወቅኩ ማን ሊያውቅ ነው?»

እ.ኤ.አ. በ1977 ሪቻርድ ኒስቤት እና ቲሞቲ ዊልሰን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አሳተሙ። ሚሺጋን ውስጥ አንድ ሱቅ ጠረጴዛ ላይ አራት ጥንድ የሴት ስቶኪንግ ደረደሩ። አላፊ አግዳሚውን «ጥራቱ የቱ ይበልጣል?» ብለው ጠየቁ። በስተቀኝ ጫፍ ያለውን 40 በመቶው መረጡት። በስተግራ ጫፍ ያለውን የመረጡት 12 በመቶ ብቻ ናቸው። ለምን ሲባሉ አንዱ ሽመናውን አነሳ፣ ሌላው ልስላሴውን።

አራቱም ግን አንድ ዓይነት ነበሩ። ልዩነት የሚባል የለም።

ስለ አቀማመጡ ያነሳ አንድም ሰው አልነበረም። «ምናልባት በስተቀኝ ስለሆነ ይሆን?» ተብለው ሲጠየቁ ደግሞ ሁሉም ለማለት ይቻላል ካዱ። ጠያቂውን «ይሄ ሰው ጤነኛ ነው?» በሚል ዓይን ነው ያዩት። መርካቶ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ግን ይህን ጥናት ሳያነብም የሚያውቀው ይመስለኛል።

እነዚህ ሰዎች አልዋሹም። ሲጠየቁ አፋቸው ላይ ምክንያት መጣላቸው፣ ምክንያቱም ደህና መሰላቸው፣ ተናገሩት። የእኔም «ትራፊክ» እንደዚያው ናት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ያሉት አባቶች ነገሩ ገብቷቸዋል።

«ይህን ቤት የተሸከምኩት እኔ ነኝ»

ይሄን ቤቴ ስለሞከርኩት ትንሽ ልቆይበት። እኔና ባለቤቴ አንድ ማታ በዕቃ አጠባ ጀምረን ወደ ትልቁ ጥያቄ ገባን፤ ለመሆኑ በዚህ ቤት ማነው የሚለፋው? ክርክሩ የትም እንደማያደርሰን ሲገባን ለየብቻ ብጣሽ ወረቀት ያዝንና ከቤቱ ሥራ ስንት በመቶውን እንደምንሠራ ጻፍን። እኔ ለጨዋነት ዝቅ አድርጌ 50 አልኩ። እሷ 85። ሲደመር 135። 35ቱን ማን እየሠራልን እንደሆነ ተጠያይቀን ሳቅን።

ሳቁ ሲያልፍ መዘርዘር ጀመርን። ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ሌሊት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው ማፏጨት ሲጀምር እየተነሳሁ ጀሪካኑንና በርሜሉን የምሞላው እኔ ነኝ። እሷ ይህን ጭራሽ አታውቅም። ጠዋት ስትነሳ ውሃ አለ፣ በቃ። እኔ ደግሞ የእድር መክፈያ ቀንን ማስታወስ፣ የልጁን የክትባት ካርድ መከታተል፣ ለእናቴ መደወል (አዎ፣ ለእኔ እናት)፣ እንጀራ ስንት እንደቀረ ማወቅ ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር። ለእኔ እንጀራ መሶብ ሲከፈት የሚገኝ ነገር ነው።

በኋላ ሳነብ ነገሩ የእኛ ቤት ጉድ ብቻ እንዳልሆነ አየሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 ማይክል ሮስ እና ፊዮሬ ሲኮሊ ካናዳ ውስጥ 37 ባልና ሚስቶችን ለየብቻ ጠይቀው ድርሻቸውን ደመሩ። በአብዛኛው ሥራ ላይ ድምሩ ከመቶ አለፈ። ደስ የሚለኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ሰዎቹ ድርሻቸውን ያበዙት በሚያስመሰግን ነገር ላይ ብቻ አልነበረም። እንደ ጠብ መጫር ባለው ላይም «የሚበዛው የእኔ ነው» ብለዋል። ስለዚህ ነገሩ ጉራ ብቻ አይደለም። የራሴን ድካም በወገቤ አውቀዋለሁ። የእሷን የማውቀው ካየሁት ነው፣ እኔ ደግሞ ብዙውን አላይም።

ከዚያ ማታ ወዲህ ጠባችን አልጠፋም። «አንተማ ምንም አትሠራም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ግን ቀርታለች። እኔም በበኩሌ እንጀራ መቁጠር ጀምሬያለሁ።

«እስቲ ዓይኔን እያየህ ንገረኝ»

ውሸታም ዓይኑን ይሸሻል ይባላል። ይህ እምነት የእኛ ብቻ አይደለም፣ ዓለም ሁሉ ይጋራዋል። እኛ ጋ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ልጅ ሆነን «ትልቅ ሰው ላይ አታፍጥ» ተብለን ነው ያደግነው። አንገት መድፋት ጨዋነት ነው። እዚያው ቤት፣ ስኳር የጎደለ ቀን ግን «ዓይኔን እያየህ ንገረኝ!» ይመጣል። መሬት መሬት ያየ ሁሉ ስኳሩን በላ ማለት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2006 ቻርልስ ቦንድ እና ቤላ ዴፓውሎ 24 ሺህ ገደማ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች አንድ ላይ አድርገው መዘኑ። ሰው እውነቱንና ውሸቱን ፊት አይቶ በትክክል የሚለየው 54 በመቶ ያህል ነው። ሳንቲም ቢወረውር 50 ያገኝ ነበር። ፖሊስና መርማሪም ቢሆን ከዚህ ብዙም ፈቅ አላለም። አንዱ ምክንያት ይመስለኛል፤ የፈራም ያፈረም ዓይኑን ይሰብራል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ገብቶ ከአክብሮት አንገቱን የደፋ አበሻ «የሚደብቀው ነገር አለ» ሊባል የሚችለው ለዚህ ነው። ዓይን ዓይንህን እያየ የሚዋሽ ሰው አለ ወይ ለሚለኝ፣ ቤት ሲከራይ ደላላ ያነጋገረ ይጠየቅ።

«ሰው ማለት እንደ ልቡ ነው፤ ጥሩ ሰው ሁሌም ጥሩ ነው»

የታክሲ ሠልፍ ሰብሮ የገባ ሰው ባለጌ ነው። እኔ የገባሁ ቀን ግን ልጄን ከትምህርት ቤት ላወጣ ቸኩዬ ነው። የሰውየውን ጥድፊያ አላውቅም፣ ያየሁት ጀርባውን ብቻ ነው። የራሴን ጥድፊያ ግን ከነደቂቃው አውቀዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1973 ጆን ዳርሊ እና ዳንኤል ባትሰን ይህን በሰባኪዎች ላይ ፈተኑት። ፕሪንስተን ውስጥ የሥነ መለኮት ተማሪዎችን ወደ ሌላ ሕንፃ ሄደው ንግግር እንዲያደርጉ ላኳቸው። ግማሾቹ ርዕሳቸው የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ነበር። መንገዳቸው ላይ አንድ ሰው ደጃፍ ላይ ኩርምት ብሎ እንዲያቃስት ተደረገ። ጊዜ ከነበራቸው 63 በመቶው ቆመው ረዱ። «ረፍዶብሃል፣ ቶሎ!» ከተባሉት የረዱት 10 በመቶ ናቸው። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊሰብክ የሚሮጠውም ቢሆን ያን ያህል የተለየ አልሆነም። የወደቀውን ሰው ተራምደውት ያለፉም ነበሩ።

ይህን ያነበብኩ ቀን የታዘብኩት ራሴን ነው። ስንቴ ነው ለቅዳሴ እንዳይረፍድብኝ ስሮጥ ደጀ ሰላሙ ላይ የተቀመጡትን ሳላይ ያለፍኩት?

«የዘንድሮ ሰው ጨክኗል፤ ሰው ሲደበደብ ቆሞ ነው የሚያየው» የሚለውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በአምስተርዳም፣ በኬፕታውንና በእንግሊዟ ላንካስተር የደኅንነት ካሜራ የቀረጻቸው 219 የመንገድ ጠቦች ተመርምረው ነበር። ከአሥሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ ሰው መሃል ገብቷል። እዚህ አገርማ ገላጋይ ከተጣዪ ይበዛል።

«ተናግሬ ይውጣልኝ»

አይወጣም። ብራድ ቡሽማን የተባለ ተመራማሪ ሆን ብሎ ያናደዳቸውን ተማሪዎች፣ ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት እንዲደበድቡ አደረገ። ሌሎቹ ዝም ብለው ለሁለት ደቂቃ ተቀመጡ። የባሰባቸው የደበደቡት ናቸው። ለሚቀርቡት ሰው አዋይቶ መምከር ሌላ ነገር ነው። ያንኑ በደል በአቦል፣ በቶናና በበረካ መተረክ ግን ንዴትን እንደ ወጥ ማሞቅ ነው።

«21 ቀን ከቻልክ ልማድ ይሆናል»

ይህን ቁጥር ያስጀመረው ማክስዌል ማልትስ የተባለ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ነው። ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው እ.ኤ.አ. በ1960 ጻፈ። «ቢያንስ» የምትለው ቃል መንገድ ላይ ጠፋች። በኋላ ለንደን ውስጥ 96 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት አማካዩን 66 ቀን አገኘው፤ ለአንዱ 18፣ ለሌላው 254። አንድ ቀን መዝለልም ያን ያህል አይጎዳም። እኛ 55 ቀን ሁዳዴን ጾመን በፋሲካ ሌሊት ዶሮ ላይ የምንወርድ ሰዎች በ21 ቀን እንዴት እንዳመንን እንጃ።

«እኔ ግልጽ ሰው ነኝ፤ ሆዴ ውስጥ የሚቀር የለም»

እንዲህ የሚል ሰው ስለ ሌላው ሁሉ ሆዱን ባዶ ሲያደርግ እንጂ፣ ስለ ራሱ አንድ ነገር ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ሌላ የምለው የለኝም።

«ለሰው የምመክር ለራሴ አላንስም»

ጠቢቡ ሰሎሞንን እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ሁለቱ ሴቶች በሕፃኑ ሲካሰሱ የፈረደው ፍርድ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በራሱ ቤት ግን 700 ሚስቶችና 300 ቁባቶች ልቡን መለሱት፣ መንግሥቱም በልጁ ዘመን ለሁለት ተከፈለ። ኢጎር ግሮስማን እና ኢታን ክሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ነገሩን በእሱ ስም ጠሩት። ሰዎች ስለ ከዳተኛ ፍቅረኛ ሲያስቡ፣ የተከዳው ጓደኛቸው ከሆነ ሰፋ አድርገው ያያሉ። የተከዱት እነሱ ከሆኑ ግን ጥበቡ ይጠፋል። የእኛ ሰው ይህን ባጭሩ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ይለዋል።

መላውም እዚያው ጥናት ውስጥ አለ። የራስን ጉዳይ እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ፣ ከውጭ ሆኖ ማየት። እኔ የማደርገው ራሴን በስሜ እየጠራሁ «እንዲህ ያለው ሰው እንዲህ ቢገጥመው ምን ትለዋለህ?» ማለት ነው። መጀመሪያ ያሳፍራል። ብቻን ሲሆኑ ቢደረግ ይመረጣል።

«ራሱን ማወቅ የሚፈልግ "ለምን?" ብሎ ይጠይቅ»

እኔም እንዲህ ይመስለኝ ነበር። ግን «ለምን?» ሲሉት አፍ እንዴት እንደሚፈጥን ስቶኪንጎቹ ላይ አየን። «ለምን አረፈድኩ?» ብዬ ብጠይቅ ትራፊክ ይመጣል፣ ትራፊክ ካልበቃ ዝናብ ይጨመራል። «በስንት ሰዓት ከቤት ወጣሁ?» ለሚለው ግን መልሱ አንድ ቁጥር ነው። ስለዚህ «ለምን»ን ትቼ «ምን አደረግኩ? መቼ? ስንተኛ ጊዜዬ ነው?» ማለት ለመድኩ። ቁጥር እንደ ምክንያት አይቆነጅም።

ትናንት ለጓደኛዬ ደወልኩለትና «ያን ቀን ያስረፈደኝ ትራፊክ አይደለም» አልኩት። «ከቤት የወጣሁት 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ኳስ እያየሁ ነበር።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለኝ። «ስደውልልህ ኮሜንታተሩ ሲጮህ ይሰማኝ ነበር እኮ።»