ሴፍቲኔት ላይ ያለች ነፍሰ ጡር ድንጋይ መሸከም አለባት?

ይሄ ጥያቄ ሰሞኑን ደጋግሞ ስለመጣ ልጻፈው። መልሱ የለባትም ነው።

በ1997 ዓ.ም የተጀመረው፣ የምግብ እጥረት ያለባቸውን የገጠር ቤተሰቦች የሚደግፈው የልማታዊ ሴፍቲኔት ሁለት መንገድ አለው። ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ይከፈለዋል። አቅመ ደካማ አረጋዊና መሥራት የማይችል አካል ጉዳተኛ ደግሞ ሳይሠራ ይቀበላል፤ ይሄ ቀጥታ ድጋፍ ይባላል። ግራ የሚያጋባው መሃል ላይ ያለው ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ነው። ነፍሰ ጡርና አራስ እዚህ ውስጥ ናቸው፣ ቢያንስ ልጁ ዓመት እስኪሞላው።

ለምሳሌ ዋግ ኽምራ ውስጥ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር አለች እንበል። እስከ ትናንት ተዳፋቱ ላይ ድንጋይ በጀርባዋ ስታመላልስ ነበር። ጤና ጣቢያ ሄዳ ክትትል ከጀመረች ሥራው ይቆማል፣ ክፍያው ግን አይቆምም። ከወለደች በኋላም «የቀረሽበትን ቀን አካክሺ» የሚላት ካለ ተሳስቷል። ውለታ አይደለም፣ መብቷ ነው!

የክፍያው መጠን፣ ብር ይሁን እህል፣ መቼ እንደሚደርስ ግን ከዓመት ዓመት፣ ከወረዳ ወረዳ ይለያያል። ስለዚህ የጎረቤት ወረዳን አይታችሁ አትደምድሙ። ስሟ ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ካልተዛወረ መጀመሪያ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ታናግር፣ እምቢ ካሏት የቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ጋ ትሂድ።