ስለ ኬትሊን ክላርክ የኮሌጅ ዘመን በስህተት የሚወሩ ነገሮች

ስለ አሜሪካዊቷ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ስለ ኬትሊን ክላርክ የማያወራ የለም፣ ግን ግማሹ ሰው ኮሌጅ እያለች አንድ ሙሉ ጨዋታ አላየም፣ ከቲክቶክ በለቃቀመው ነው የሚከራከረው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ድንገት ነው የወጣችው»

ኧረ በፍጹም። ገና ዌስት ደሞይን ውስጥ ዳውሊንግ ካቶሊክ ሃይስኩል እያለች ነው ኮሌጆቹ የተሻሙባት፣ ኖተርዳም ሳይቀር። እሷ ግን እዛው ክፍለ ሀገሯ ያለውን አዮዋ ዩኒቨርሲቲን መረጠች፣ በ2020 ገባች፣ ኮቪድ ስለነበር የመጀመሪያ ዓመቷን ተመልካች በሌለበት ነው የተጫወተችው ማለት ይቻላል፣ እንደዛም ሆኖ በዛው ዓመት በጨዋታ አማካይ ነጥብ ከአገሩ አንደኛ ወጣች። ካሜራው ነው እንጂ የዘገየው ልጅቷማ ነበረች።

«ከሩቅ መወርወር ብቻ ነው የምትችለው»

ይሄኛው ያናድደኛል። ከሜዳው መሀል ካለው አርማ አካባቢ የምትለቀው ሶስት ነጥብ ቪዲዮ ላይ ስለሚያምር ሰው እሱን ብቻ ያያል። በመጨረሻ ዓመቷ በአማካይ 31.6 ነጥብና 8.9 አሲስት (ጓደኛዋ እንድታገባ ያቀበለችው ኳስ) ነበራት፣ በሁለቱም ከአገሩ አንደኛ፣ በአራት ዓመት ደግሞ 1,144 አሲስት። በ2023 በኤንሲኤኤ (የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ማህበር) ዋንጫ ወደ ፋይናል ፎር (የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች) ለማለፍ ከሉዊቪል ጋር ሲጫወቱ 41 ነጥብ፣ 12 አሲስት፣ 10 ሪባውንድ (ተስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ)! በዛ ውድድር 40 ነጥብ ያለው ትሪፕል ደብል (በሶስቱም ነገር አስርና ከዛ በላይ) ከሷ በፊት ወንዱም ሴቱም አልሰራውም። ኳስ ታባክናለች የሚለኝ ሰው ካለ ግን አልከራከርም፣ እውነት ነው ታባክናለች።

«የሁሉንም ሪከርድ ሰብራለች፣ አለቀ»

አላለቀም፣ ይሄ ረጋ ብሎ መታየት አለበት። ፌብሩወሪ 15 ቀን 2024 ከሚሺጋን ጋር 49 ነጥብ ያገባች ቀን ያለፈችው የኬልሲ ፕለምን 3,527 ነጥብ ነው፣ እሱ የኤንሲኤኤ የሴቶች ጠቅላላ ነጥብ ሪከርድ ነበር። ግን ከፕለም በላይ ሊኔት ውዳርድ አለች፣ ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1981 ካንሳስ ተጫውታ 3,649 ነጥብ ያገባች፣ ያውም የሶስት ነጥብ መስመር ሳይኖር፣ በወንዶቹ ትልቅ ኳስ። ታዲያ ለምን አልተቆጠረላትም? ያኔ የሴቶችን ስፖርት የሚያስተዳድረው ኤአይኤደብሊው የሚባል ሌላ ማህበር ስለነበር ነው፣ ኤንሲኤኤ የሴቶችን ቅርጫት ኳስ ዋንጫ የጀመረው በ1982 ነው፣ ከዛ በፊት ያለውን መዝገቡ ውስጥ አላስገባም። ለኔ ዋናው ሪከርድ የውዳርድ ነበር፣ ክላርክ እሱን ያለፈችው በዛው ወር መጨረሻ ከሚኒሶታ ጋር ነው። ማርች 3 ደግሞ ከኦሃዮ ስቴት ጋር የወንዶቹን ሪከርድ፣ የፒት ማራቪችን 3,667 አለፈች፣ ውዳርድም ስታዲየም ተገኝታ ነበር። ማራቪች ግን በሶስት ዓመት 83 ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው፣ ያኔ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በዋናው ቡድን አይሰለፍም፣ ሶስት ነጥብም የለም፣ እሷ ደግሞ አራት ዓመት 139 ጨዋታ። ስለዚህ ከሱ ትበልጣለች አትበልጥም እያሉ መነታረክ ትርፉ ድካም ነው። ጭራሽ ደግሞ ፍራንሲስ ማሪዮን በሚባል ትንሽ ኮሌጅ የተጫወተችው ፐርል ሙር 4,061 አላት፣ ክላርክ የጨረሰችው በ3,951 ነው፣ አልደረሰችባትም።

«ለምን እንደ ወንዶቹ አንድ ዓመት ተጫውታ ፕሮፌሽናል አልሆነችም?»

አይፈቀድም። ወንዶቹ 19 ዓመት ከሞላቸው ኤንቢኤ ይገባሉ፣ አሜሪካዊት ሴት ግን ደብሊውኤንቢኤ (የሴቶቹ ፕሮፌሽናል ሊግ) ድራፍት (ቡድኖች አዲስ ተጫዋች የሚመርጡበት) ለመግባት በዛ ዓመት 22 የምትሞላ ወይ ኮሌጅ የምትጨርስ መሆን አለባት። እንዲያውም በኮቪድ ምክንያት አምስተኛ ዓመት የመጫወት መብት ነበራት፣ ትታው ነው ኤፕሪል 2024 ድራፍት ላይ በአንደኝነት ኢንዲያና ፊቨር የሚባለው ቡድን የወሰዳት። ትምህርቱም ለይስሙላ አልነበረም፣ በማርኬቲንግ ተመርቃለች (አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ ኳስ ከትምህርት ያስቀራል እያላችሁ ልጆቹን አታስጨንቁ)።

«ብር ያገኘችው ፕሮፌሽናል ከሆነች በኋላ ነው»

የተገላቢጦሽ ነው የሚመስለው። ከጁላይ 2021 ጀምሮ የኮሌጅ ስፖርተኞች በስማቸውና በምስላቸው ከስፖንሰር ብር እንዲያገኙ ተፈቅዷል፣ እሷም ተማሪ እያለች ከናይኪ፣ ከጌቶሬድና ከስቴት ፋርም ጋር ትሰራ ነበር። ከዛ ደብሊውኤንቢኤ ስትገባ የመጀመሪያ ዓመት ደሞዟ ስንት ሆነ? 76,535 ዶላር። የዛን ሰሞን ሰው ሁሉ ጉድ ያለው ለዚህ ነው።

«ዋንጫ ስላልበላች የተጋነነች ናት»

ዋንጫ አልበላችም፣ ልክ። በ2023 ፍጻሜ በኤልኤስዩ (ሉዊዚያና ስቴት) 102 ለ 85፣ በ2024 በሳውዝ ካሮላይና 87 ለ 75 ተሸንፈዋል። ግን ሳውዝ ካሮላይና በዛ ዓመት አንድም ጨዋታ ያልተሸነፈ ቡድን ነው፣ አዮዋ ደግሞ እሷ ከመምጣቷ በፊት ፋይናል ፎር የደረሰው አንዴ ብቻ ነው፣ በ1993። በሁለት ተከታታይ ዓመት ፍጻሜ ያደረሰቻቸውን ልጅ ተጋነነች ማለት ይከብዳል።

«የሴቶችን ኳስ ማን ያያል»

የ2024ቱን የሴቶች ፍጻሜ ወደ 18.7 ሚሊዮን ሰው ነው ያየው፣ የወንዶቹን ወደ 14.8 ሚሊዮን። ሴቶቹ በልጠው ሲታዩ የመጀመሪያው ነው።